ከ«ይበቃናል» ወደ «በቃን»፦ የእጩ ብቃት ሙግት በሞያሌ ቋንቋዎች

አንድ እጩ ለያዘው ዓላማ ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚል የሚነሣ ሙግት ሲተነተን የተለመደው አካሄድ አንድ ዓይነት ነው። ተመራማሪው የተከራካሪዎችን ቃል ይሰበስባል፤ ቀጥሎ ከአመክንዮ መማሪያ የተቀዳ የስሕተት ዝርዝር ከፊቱ ይዘረጋል፤ ይኸኛው ተናጋሪ ሰውየውን እንጂ ሐሳቡን አልነካም፣ ያኛው ርእስ ለወጠ፣ ሦስተኛው የትምህርት ማስረጃን ከመምራት ችሎታ ጋር አምታታ እያለ ይፈርጃል። አሠራሩ ንጹሕ ይመስላል። ሆኖም ከሥሩ ያልተመረመረ ግምት አለበት፤ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ስለ አንድ ጥያቄ እንደሚናገሩ፣ ያም ጥያቄ እንግሊዝኛው «ኮምፒተንስ» በሚለው ቃል የያዘው እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኗል። በሞያሌ ይህ ግምት አይሠራም። እዚያ «ርእስ ለወጠ» ተብሎ የሚከሰሰው ተናጋሪ ብዙ ጊዜ ከግሱ ሳይወጣ የሄደ ነው።

በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ናት፤ በኢትዮጵያ በኩል ያለችው ስምዋን ትጋራለች። የጋራ የድንበር መፈተሻ ጣቢያው በ2020 ከመመረቁም፣ ከኢሲዮሎ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ከመልበሱም በፊት ቢሆን ሰውና ከብት፣ ዕቃና ወሬ በሁለቱ መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል። ቦረናና ገብራ በኦሮምኛ፣ ቡርጂ በራሱ ቋንቋ፣ ገሪ በሶማልኛና በኦሮምኛ፣ መንግሥትና ትምህርት ቤት በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ፣ ገበያው ደግሞ በአማርኛ ጭምር ይናገራሉ። ስለዚህ የአንድ እጩ ነገር በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ቋንቋ ሊነሣ ይችላል፤ በሦስቱም ውስጥ የሙግቱ ማጠንጠኛ የሚሆነው ግስ ተመሳሳይ የትርጉም አወቃቀር አለው።

አማርኛው «በቃ» ይላል። ሥሩ የግእዙ «በቍዐ» ነው፤ ጠቀመ፣ ረባ፣ ተስማሚ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ሥር «ብቃት»ና «ብቁ» ተወልደዋል፤ «በቂ»ም ተወልዷል፤ ለማዕረገ ቅድስና የደረሰውን ሰው «የበቃ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ከዚሁ ደግሞ የማቆሚያው ቃል «በቃ!» መጥቷል። አድራጊው ግስ «አበቃ» ሁለቱን ጫፎች ይዟል፤ «ለዚህ ቀን አበቃኝ» ምስጋና ነው፤ «ነገሩ አበቃ» ግን መዝጊያ ነው። የስዋሂሊው «ቶሻ»ም ከዚህ አይርቅም። «አናቶሻ» ስንል ሰውየው ይበቃል ማለታችን ነው፤ «ኢሜቶሻ» ስንል ነገሩ በቃ፣ ይቁም ማለታችን ነው። የኦሮምኛው «ገአ» መሠረታዊ ፍቺው መድረስ ነው፤ ዕድሜ ደረሰ፣ ጊዜ ደረሰ፣ እንግዳ ደረሰ። ከእርሱ የወጣው «ገሁምሳ» ዛሬ በጽሑፍ ኦሮምኛ የብቃት መደበኛ ስም ነው። «ኑ ገኤ» ደግሞ በቃን ማለት ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት የሚጠቅመው ለሥርወ ቃል ጨዋታ አይደለም። ግሱ በሦስቱም ቋንቋ ሦስት ቦታ ይከፍታል፦ ማን ነው የሚበቃው? ለምን? ለማን? በአማርኛ «ለምን» በ«ለ» በሚጀምር ሐረግ ይገለጣል፤ «ለማን» በግሱ ላይ በሚለጠፍ ቅጥያ ይገለጣል። «ለሹመት በቃ» የተሟላ ምስክርነት ነው። የ«ለ» ሐረግ ይውጣና ግሱ በኃላፊ ጊዜ ብቻውን ይቁም፤ «በቃ» ስንብት ይሆናል። ቅጥያ ይጨመርበት፤ «በቃን» ምሬት ይሆናል። የዚያው ግስ ያልተፈጸመ መልክ «ይበቃናል» ሲሆን ግን ድጋፍ ነው፤ ከሌላ አንፈልግም፣ እርሱ ይበቃናል። በ«ይበቃናል»ና በ«በቃን» መካከል ያለው ርቀት አንድ የግስ ገጽታ ብቻ ነው። የሰለጠነ ተከራካሪ ይህን ርቀት በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል፤ አድማጩም ስፌቱን አያየውም።

የዚህ ስልት ታላቁ ምሳሌ የተገኘው በሞያሌ ሳይሆን በናይሮቢ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2002 ራይላ ኦዲንጋ በኡሁሩ ፓርክ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት «ኪባኪ ቶሻ» አሉ። በዚያው ቀን ገዥው ካኑ ፓርቲ በካሳራኒ ኡሁሩ ኬንያታን እጩው አድርጎ ሰይሞ ነበር። ሙዋይ ኪባኪ ሊቆጠር የሚችል ብዙ ነገር ነበራቸው፤ በማከሬሬ ያስተማሩ የምጣኔ ሀብት ምሁር፣ የረጅም ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ከ1978 እስከ 1988 ምክትል ፕሬዚዳንት። በተቃራኒው ወገን የቆሙት ኡሁሩ ገና የ40 ዓመት ሰው ነበሩና ልምድ የላቸውም የሚለው ሙግት ዝግጁ ነበር። ሁለቱ ቃላት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልተናገሩም። እንዲያውም ኃይላቸው ያለው ባልተናገሩት ውስጥ ነው።

የስዋሂሊ ግስ በተለመደው አገባቡ የባለቤት መነሻ ቅጥያ፣ የጊዜ ምዕላድ፣ አስፈላጊም ሲሆን የተሳቢ ምዕላድ ይይዛል፤ «አናቱቶሻ» ቢባል እርሱ፣ አሁን፣ ለእኛ፣ ይበቃል የሚሉት አራቱም በአንድ ቃል ይገኛሉ። «ኪባኪ ቶሻ» ግን ግሱን እርቃኑን አቆመው። ባለቤቱ በመደብ ቅጥያ ስላልታሰረ፣ የሚበቃው ሰውየው ይሁን ወይስ ነገሩ ሰዋስው አይወስንም። ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ተስፋና ፍርድ አይለዩበትም። «ለማን» የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን «እኛ» ይሞላበታል። በዚያን ቀን ደግሞ የተቃዋሚው ጎራ ራሱ ማን ይቅረብ በሚል ጥያቄ የተወጠረ ነበር፤ ከአንድ በላይ ባለ ተስፋ ነበረው። በመሆኑም ንግግሩ አንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ሠራ፤ ኪባኪ ብቁ ናቸው አለ፣ ስለ እጩነቱ የሚደረገው ክርክርም በቃ አለ። የብቃት ጥያቄ የተመለሰው በመዘጋቱ ነው። በዲሴምበር 27 ምርጫ ኪባኪ ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ፤ ስም ሲደመር «ቶሻ» የሚለው ቀመርም ከዚያ ወዲህ በኬንያ የምርጫ ግድግዳዎች ላይ ለትንሹም ለትልቁም መቀመጫ እየተለጠፈ ቀረ። የአፍራሹ ወገን መልስ «ሃቶሺ ምቦጋ» ነው፤ ቃል በቃል ለወጥ እንኳ አይበቃም ማለት ነው። እዚህ ላይ «ለምን» የተሰኘው ቦታ ተመልሶ ገብቷል፤ ግን ከቢሮ ወደ ማእድ ቤት ወርዶ። አንድን ሰው ለማሳነስ ግሱን መካድ አያስፈልግም፤ የሚበቃበትን ነገር ማሳነስ ይበቃል።

በማርሳቢት ካውንቲ ዋናው ትግል የሚካሄደው «ለማን» በሚለው ቦታ ላይ ነው። በ2013ቱ የመጀመሪያ የካውንቲ ምርጫ ኡኩር ያታኒ በሬንዲሌ፣ በገብራና በቡርጂ ጥምረት ተደግፈው አገረ ገዥ ሆኑ፤ ጥምረቱም ከሦስቱ ስሞች መነሻ ፊደላት «ረጋቡ» ተባለ። ቀድሞ የሰሜን ሆር የምክር ቤት አባል፣ ኋላም በኦስትሪያ የኬንያ አምባሳደር የነበሩ ሰው ናቸው። በ2017 በመሐሙድ መሐመድ አሊ ተሸንፈው ከካውንቲው ወጡ። በ2019 ደግሞ የመላ ኬንያ ግምጃ ቤት በእጃቸው ገባ። ስሕተት ፈላጊው ተንታኝ ይህን ሲያይ የመራጩን አለመረዳት ይጽፋል፤ ለአገር በጀት የበቃ ሰው እንዴት ለአንድ ካውንቲ ሳይበቃ ይቀራል? ነገር ግን በማርሳቢት የተጠየቀው ጥያቄ ይህ አልነበረም። ግሱ ቅጥያ ነበረው፤ ይበቃ«ናል» ወይ? ቅጥያው የሚያመለክተው ማንን እንደሆነ ደግሞ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አይታወቅም። የሙያ ማስረጃ ያለ ቅጥያ ለተነሣው ጥያቄ መልስ ነው፤ ቅጥያ ላለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። ሁለቱን ወገኖች ያላገናኛቸው የአመክንዮ ጉድለት አይደለም፤ በአንድ ግስ የተጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

ኦሮምኛው ሦስተኛ ጥያቄ ያክልበታል። «ገአ» መድረስም መብቃትም ስለሆነ፣ እጩው «ገኤ» ሲባል ብቁ ሆነ፣ ተራው ደረሰ፣ ወይም በቃ ተብሎ ሊሰማ ይችላል። አማርኛ ተናጋሪው አስተርጓሚ መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ «ደረሰ» ካለ ነገሩ የወረፋ ይሆናል፣ «በቃ» ካለ የችሎታ ወይም የማቆሚያ ይሆናል። ምርጫው የቃላት ብቻ አይደለም። በሰሜን ኬንያ ከ2013 ወዲህ «በስምምነት የሚደረግ ዴሞክራሲ» የሚባለው ልማድ፣ ማለትም ሽማግሌዎች መቀመጫዎቹን ከድምፅ መስጫው በፊት በጎሳዎች መካከል የሚያከፋፍሉበት አሠራር፣ የቆመው በዚህ መደራረብ ላይ ነው። የወገኑ ተራ የደረሰለት ሰው በዚያው ግስ የበቃ ሰው ይሆናል። የቦረና ገዳ ሥርዓት ይህን መደራረብ በቀን መቁጠሪያ ገርቶታል፤ አባ ገዳው በስምንት ዓመቱ ያስረክባል፤ የደረሰበትም የሚያበቃበትም ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ «ደርሷል»ና «በቃው» የሚጣሉበት ምክንያት የለም። ሕገ መንግሥታዊው ምርጫ ግን ተመራጩ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታልና ጸቡ እዚያ ላይ ይነሣል።

ማንዴራ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ሰጥታለች። ከ2017ቱ ምርጫ በፊት የገሪ የሽማግሌዎች ምክር ቤት በ2013 የተመረጡ መሪዎች ዳግመኛ እንዳይወዳደሩ ወሰነ። ውሳኔው ስለማንም ግላዊ ድክመት መናገር አላስፈለገውም፤ አንድ ዘመን ይበቃል፣ ሌላው ይቅመስ ነው ነገሩ። አገረ ገዥው አሊ ሮባ ውሳኔውን አልተቀበሉም፤ ተወዳደሩ፣ አሸነፉም። ሙግቱን በአንድ ግስ ብናስቀምጠው ሽማግሌዎቹ «በቃ» አሉ፣ መራጩ ግን «ይበቃናል» አለ። አንዳቸውም ለሌላው ጥያቄ መልስ አልሰጡም፤ ሆኖም አንዳቸውም ከርእስ አልወጡም።

«ለምን» የሚለውን ቦታ ሕግ ሲሞላው ደግሞ ሌላ ጠባይ ይታያል። የኬንያ የ2011 የምርጫ ሕግ ለፕሬዚዳንትነትና ለአገረ ገዥነት የሚቀርብ ሰው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እንዲኖረው ይጠይቃል። በ2022 በናይሮቢው እጩ በጆንሰን ሳካጃ ላይ የተነሣው ክርክር ሁሉ በዚህ ጠባብ በር አለፈ፤ ከኡጋንዳ ያቀረቡት ዲግሪ ተጠየቀ፣ የኬንያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ሰጥቶት የነበረውን እውቅና አነሣ፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰሚ አካል የቀረበውን አቤቱታ ውድቅ አደረገ፣ እጩውም ተመረጡ። ለሥነ ልሳን ተመራማሪ የሚያስገርመው ውጤቱ አይደለም፤ ለወራት ከተማዋን ይመራሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ለመመዝገብ ይበቃሉ ወይ በሚለው መተካቱ ነው። ሕጉ ቦታውን ስለሞላው፣ ተቺውም ደጋፊውም በወረቀት ላይ ተስማምተው በወረቀት ላይ ተጣሉ። በሞያሌም ቢሆን ዲግሪ የሌለው እጩ የለም ሲባል ጥያቄው ወዲያው ወደ ቅጥያው ይመለሳል።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው ልምድ ከዚህ ይለያል፤ ልዩነቱም ለሞያሌው አማርኛ ትርጉም አለው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በቴሌቪዥን የተደረጉት ክርክሮች የማዕረግ ስሞችን ወደ ሙግት ለውጠዋቸው ነበር፤ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል፣ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ ዶክተር መረራ ጉዲና፣ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ እየተባለ ሲጠራ እያንዳንዱ ጥሪ ያለ ግስ የቀረበ የብቃት ዐረፍተ ነገር ነበር። ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ሲያገኝ ለዚህ የማዕረግ አጠራር ድርሻ አለመስጠት ያስቸግራል፤ መጠኑን መወሰን ግን የድምፅ ቆጣሪ እንጂ የቋንቋ ሰው ሥራ አይደለም። የገዥው ግንባር መልስ ከትግል የመጣ ልምድ ነበር፤ አገር በመጽሐፍ አይመራም የሚለው። ሁለቱም «ለምን» የሚለውን ቦታ ሞልተው ተከራከሩ፤ አንዱ በትምህርት፣ አንዱ በትግል። «ለማን» የሚለው ቅጥያ ግን ብዙም አልተሰማም። ከስድስት ዓመት በኋላ በ2003 ዓ.ም. በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዘመቻቸው ስም ሲፈልጉ ግሱን ብቻውን አንሥተው «በቃ» አሉ። ማሟያውም ቅጥያውም ወድቀው የቀረው ማቆሚያው ብቻ ነበር።

አንድ ሌላ የኢትዮጵያ ጉዳይ ለዚህ መስክ ሰዎች ከሌሎቹ ሁሉ መቅረብ ነበረበት፤ እምብዛም አይጠቀስም። በ1992ቱ ምርጫ በቤንሻንጉል ጉሙዝ የቀረቡ እጩዎች የበርታን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከውድድር ወጥተው ነበር። ነገሩ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ፤ ምክር ቤቱም በ1995 ዓ.ም. የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ ማወቅ ይበቃል የሚል ውሳኔ ሰጠ። የቋንቋ ችሎታ በጥሬ ትርጉሙ የእጩ ብቃት የሆነበት ክርክር ነው። በዚያ ሙግት ከቋንቋ ዕውቀቱ ጀርባ የቆመው የ«ለማን» ጥያቄ ነበር፤ ቋንቋችንን የማያውቅ ለእኛ ይበቃል ወይ? ውሳኔው መልስ የሰጠው ግን ለ«ለምን» ነው፤ በክልሉ ምክር ቤት ለመሥራት ምን ያህል ቋንቋ ይበቃል? ከሕግ አንጻር ውሳኔው የሚደገፍ ነው። ቅጥያውን ግን አላነሣውም፤ ሊያነሣውም አይችልም ነበር።

ይህ ሁሉ የሰዋስው ትንታኔ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ መልሱ በሞያሌ ሩቅ አይደለም። በ2013 መጨረሻ በከተማይቱ በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። በ2022 ከምርጫው ሦስት ወር ቀደም ብሎ በማርሳቢት የሰዓት እላፊ ታውጇል። የእነዚህ መንሥኤዎች ብዙ ናቸው፤ መሬት፣ ውኃ፣ መሣሪያ፣ ድንበር። ቢሆንም «እርሱ አይበቃንም» ከሚለው ወደ «እነርሱ በቁን» የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ በግሱ ላይ የሚለወጡት አሉታው፣ የባለቤቱ ቁጥርና የጊዜው መልክ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ስለ አንድ እጩ የተነገረው በሁለተኛው ላይ ስለ ጎረቤት ይነገራል።

አደገኛ ንግግርን የሚከታተሉ ተቋማት የያዙት መሣሪያ ይህን አያይም። የኬንያ ብሔራዊ ትስስርና አብሮነት ኮሚሽን በኤፕሪል 2022 የጥላቻ ቃላት ዝርዝር አወጣ። በአብዛኛው የስዋሂሊ፣ የእንግሊዝኛና የሼንግ ቃላትን የያዘ ነው፤ ከእነርሱም «ማዶአዶአ» አለበት፤ ነጠብጣብ ማለት ሲሆን በስምጥ ሸለቆ አካባቢ «ከእኛ ያልሆኑትን» ለማመልከት ውሎ ደም ያፈሰሰ ቃል ነው። ዝርዝሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ቃል ይጠቅማል፤ ነውሩ በቃሉ ውስጥ ተቀምጧልና። በሰሜኑ ሙግት ግን ነውሩ የተቀመጠው በቃል ውስጥ አይደለም፤ በቅጥያና በተዘለለ ማሟያ ውስጥ ነው። «ቶሻ»ን፣ «ገአ»ን፣ «በቃ»ን በዝርዝር ማስገባት የሰውን የዕለት ንግግር መከልከል ነው፤ ሻይ ሲቀዳ እንኳ የሚባል ቃል ነው። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቃላትን ከመዘርዘር ይልቅ የንግግሩን ይዘትና ዓላማ ይመለከታል፤ ይህ የተሻለ መነሻ ነው፤ ሆኖም ይዘቱን የሚያነብለት ባለሙያ ከሌለ መርማሪው በቃላት መፈለጊያ ሊወሰን ይችላል። ያ ባለሙያ መሆን የሚገባው የክልል ቋንቋዎች ተመራማሪ ነው። ተመራማሪው ግን አስተያየቶችን ሲሰበስብ ሦስቱንም ግሶች «ብቁ መሆን» በሚል አንድ ፍቺ ጠቅልሎ ቅጥያዎቹን ከሠንጠረዡ ያወጣቸዋል። በትርጉም ዓምድ ውስጥ ያልተጻፈ ቅጥያ በፍርድ ቤት የለም ማለት ነው።

አንድ መቃወሚያ ይጠበቃል፤ ቋንቋ ሰውን እንዲህ እንዲያስብ ያስገድዳል ወደሚለው አሮጌ ሐሳብ መመለስ አይሆንም ወይ? አይሆንም። የዐረብኛው «ኪፋያ» መብቃትንም ችሎታንም ይይዛል፤ በ2004 በግብፅ የተነሣው የተቃውሞ እንቅስቃሴም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው፤ ካይሮ ግን ማርሳቢትን አልሆነችም። ኤርትራውያን በ2019 «ይኣክል» ብለው ሲነሡ የተጠቀሙበት ግስ ትግርኛ ብቃትን ከሚጠራበት «ብቕዓት» ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ማቆሚያው ግን ያው ማቆሚያ ሆኖ ሠራ። ሶማልኛም ችሎታን «ካርቲ» ብሎ ከመቻል ግስ ያወጣዋል፤ መብቃትን «ፊላን» ይለዋል፤ ሁለቱ በቅርጽ አይገናኙም። ገሪው ሰው በሶማልኛ ሲከራከር መሻገሪያውን በግልጽ መናገር ይኖርበታል፤ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር ግሱ ራሱ ያሻግረዋል። ቋንቋው ያቀረበለት መንገድ ነው፤ መሄድ አለመሄዱ የተናጋሪው ነው። አንድ ተናጋሪ በአንድ ክርክር መካከል ከሶማልኛ ወደ ኦሮምኛ የሚዞርበት ቦታ የትኛው እንደሆነ መመዝገብ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፤ በአሁኑ አመዘጋገብ «የቋንቋ ቅይይጥ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል።

ለሚቀጥለው ምርጫ ማስረጃ የሚሰበስብ ቡድን በሞያሌ ሲሠማራ፣ ሠንጠረዡ ቢያንስ አራት ዓምድ ያስፈልገዋል፤ የግሱ ጊዜ፣ ባለቤቱ ሰው ነው ወይስ ነገር፣ የ«ለምን» ሐረግ አለ ወይስ ተዘልሏል፣ በቅጥያው ያለው «እኛ» ሰሚውን ያካትታል ወይስ ያገልላል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ አማርኛም ኦሮምኛም ስዋሂሊም አካታቹንና አግላዩን «እኛ» በቅርጽ አይለዩምና፣ ዓምዱን ለመሙላት መዝጋቢው በስፍራው ማን ቆሞ ይሰማ እንደነበር መጻፍ ይኖርበታል።